ማሟያዎች የተሰለፉለት ዕጩ

አንድ ተራ አስከባሪ ነበረ፤ ስሙ ዘርጋው። በአንዲት የመንገድ ዳር ከተማ መናኸሪያ ውስጥ ይሠራል። ከዚያች ከተማ ወደ ዞኑ ዋና ከተማ የሚሄድ ሚኒባስ ሁሉ በዘርጋው ፊሽካ ተሰልፎ፣ በዘርጋው ጉሮሮ ሞልቶ ነው የሚወጣው።

የከተማዋ ሰው አንድ አመል ነበረበት። ባዶ መኪና ውስጥ ቀድሞ አይገባም። ቀድሞ የገባ ሰው ብዙ ይጠብቃላ። ፀሐይ በመስታወት በኩል ይጠብሰዋል፣ ሹፌሩ የከፈተውን ሬዲዮ በግዱ ያዳምጣል። ስለዚህ መኪና የሚሞላ ሰው መናኸሪያው ውስጥ እያለ፣ ሁሉም ውጭ ቆሞ ሌላው እስኪገባ ይጠብቃል። አንዱ ጫማውን ያያል፣ አንዱ ሰማዩን ያያል፣ አንዱ ደግሞ መንገደኛ አይደለሁም ለማለት ያህል ሙዝ ይገዛል። ማንም አይገባም፤ መኪናውም አይሄድም።

ዘርጋው ለዚህ አመል መላ አገኘለት። መናኸሪያ ውስጥ ዝም ብሎ የሚውል ሰው መቼም አይጠፋም። ከእነሱ ሁነኛ ሁነኛ የሚመስሉትን መርጦ ባዶው መኪና ውስጥ ያስቀምጣቸዋል። ከዚያ በሩ ላይ ቆሞ "ሁለት ሰው የቀረው!" እያለ ይጮኻል። ያን ጊዜ ጫማውን ሲያይ የነበረውም፣ ሙዝ ሲገዛ የነበረውም እየተጋፋ ይገባል። እነዚያን ቀድመው የተቀመጡትን ሰዎች መናኸሪያው "ማሟያ" ይላቸዋል። ክፍያቸው ሻይና ዳቦ ነው።

ጥበቡ ያለው መግባቱ ላይ ሳይሆን መውረዱ ላይ ነበር። እውነተኛው ተሳፋሪ እየበዛ ሲመጣ ማሟያው ሳያስታውቅ ይወርዳል። አንዱ ስልክ የተደወለለት ይመስል ጆሮው ላይ ለጥፎ ይወርዳል። አንዱ መታወቂያውን ረስቷል። ጋሽ ይመር የሚባሉ ጡረታ የወጡ ዘበኛ ደግሞ ሳል ይጀምራቸዋል። ሳሉ ቀስ እያለ ይበረታል፤ በመጨረሻ ጎናቸው የተቀመጠው ሰው ራሱ "አባት፣ ወረድ ብለው ነፋስ ይውሰዱ" ብሎ በሩን ይከፍትላቸዋል።

የማሟያዎቹ ሁሉ ቁንጮ ግን እትዬ አስካለ ነበሩ። በመናኸሪያው በር ላይ ቅቅል ድንች በዳጣ ይሸጣሉ። ጋቢና ገብተው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ እንደ ቸኮለ ሰው አንዴ "ኡፍ" ሲሉ ያቺ ኡፍታ ብቻዋን የኋላውን ወንበር ትሞላለች። የሚወርዱበት ሰበብ ሁሌም አንድ ነው፤ ድስት ጥደው ረስተው ነው የመጡት። ያ ድስት ስንት ዓመት ሙሉ ተጥዶ እንደኖረ እሳቸውና ዘርጋው ብቻ ናቸው የሚያውቁት።

እንግዲህ በአንዱ ክረምት የመናኸሪያው ቦይ ተደፈነና ግቢው ኩሬ ሆነ። ተሳፋሪ ጫማውን በእጁ ይዞ ነበር መኪና የሚገባው። ለቀበሌ ቢነገር ቀበሌው ለወረዳ እንነግራለን አለ። ወረዳው ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አልተሰማም። ዘርጋው ነገሩ ሰለቸውና ለሹፌሮቹ አንድ ትእዛዝ አወጣ። ድንጋይ ሳይዝ የመጣ መኪና ተራ አይዝም። ሹፌሮቹ ተሳደቡ፣ አኮረፉ፣ ግን ድንጋዩን አመጡ። ቦዩ ተከፈተ፣ ግቢው ተደለደለ፤ ዝናቡም እየዘነበ ሰው በደረቅ እግሩ መሳፈር ጀመረ።

የቀበሌ ምክር ቤት አባላት የሚመረጡበት ጊዜ ሲደርስ አንዲት ሴትዮ ብድግ ብላ ይሄ ልጅ ቢያንስ ድንጋይ ያስመጣል፤ እነዚያ የእስካሁኖቹ አባላት ግን የሚያስመጡት ቀጠሮ ብቻ ነው አለች። ሰው ሳቀ፤ እየሳቀም መረጠው። ዘርጋው ፊሽካውን ለሌላ ሰው አስረክቦ የምክር ቤት አባል ሆነ።

የመጀመሪያውን የነዋሪዎች ስብሰባ ሲጠራ አዳራሹ ባዶ ነበር። የቀበሌው ሊቀ መንበር መድረክ ላይ ጉንጫቸውን በእጃቸው ደግፈው ያንቀላፋሉ። ዘርጋው በመስኮት ወደ ውጭ ሲያይ ግን ሰው ሞልቷል። አንዱ ጫማውን ያያል፣ አንዱ ሰማዩን ያያል። ዘርጋው ብቻውን ሳቀ። ሮጦ ወደ መናኸሪያ ሄደና እትዬ አስካለንና ጋሽ ይመርን ከነጓደኞቻቸው ይዞ መጥቶ የፊት ወንበር ላይ ደረደራቸው። ወዲያው ውጭ የቆመው ሕዝብ ቦታ ሳያልቅብኝ ብሎ ገባ።

ሰው ከገባ ደግሞ ያወራል። ሲያወራ ሲያወራ አንድ ነገር ይወሰናል። በዚያ ዓመት ለመናኸሪያው የመንገድ መብራት ገባለት። የሴቶች መጸዳጃ ቤትም ተቆፈረ፣ ግድግዳው ቆመ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ለበሰ። የቀረው በሩ ብቻ ነበር። በሩ እስኪመጣ ድረስ አንዷ ስትገባ ሌላዋ ነጠላዋን ዘርግታ ትቆምላታለች፤ ይህም ቢሆን ከድሮው ይሻላል ተባለ።

ዘርጋው የጠራው ስብሰባ ይሞላል የሚለው ወሬ ከቀበሌ ወጥቶ ወረዳ ደረሰ፤ ከወረዳም ከፍ አለ። አንድ ቀን ገበርዲን የለበሰ አንድ የፓርቲ ሰው ከላይ መጣና ከኋላ ተቀምጦ ስብሰባውን ታዘበ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ሲያልቅ ባለ ገበርዲኑ ዘርጋውን እጁን ጨብጦ አልለቅም አለው። እኛ አበል ከፍለን እንኳ ሰው አይመጣልንም፤ አንተ ይህን ሁሉ ሕዝብ በምን አመጣኸው ብሎ ጠየቀው።

ዘርጋው እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ። ከዚያ የሰውየውን ዓይን አየና "ሕዝቡ ይወደኛል" አለ።

እንዲህ ብሎ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። ቃሉ አፉ ውስጥ ጣፈጠው። እትዬ አስካለ የፊት ወንበር ላይ ሆነው ሰሙትና ድንቻቸውን ማኘክ አቆሙ።

ባለ ገበርዲኑ ለዚያ የምርጫ ክልል ለትልቁ ምክር ቤት ዕጩ ይፈልግ ነበር። አገር የሚያጣው እንዳንተ ያለውን ሰው ነው፣ ቀበሌ ላይ መቅረትህ ግፍ ነው አለው። ታዲያ በዚያ አገር ደንብ ለትልቁ ወንበር የሚወዳደር ሰው ትንሹን ወንበር አስቀድሞ ይለቃል። ዘርጋው ከተመረጠ የአገሩ ዋና ከተማ ይገባል፤ ካልተመረጠ ግን የቀበሌ ምክር ቤቱም የለ፣ መናኸሪያውም የለ። ፊሽካው በሌላ ሰው አንገት ላይ ነው።

ዘርጋው ወንበሩን ሊለቅ ያሰበ ቀን እትዬ አስካለ ዘንድ ሄዶ ነገራቸው። እሳቸው ድንች እየላጡ ሰሙት።

"ካልሆነስ?" አሉት።

"እትዬ፣ አዳራሹን ራስዎ አይተውታል እኮ። እንዴት ነው የማይሆነው?"

"አይቼዋለሁ። እዚያው ተቀምጬ።" ቢላዋቸውን ጠረጉ። "የመጸዳጃ ቤቱስ በር?"

"በሩን ከላይ ሆኜ አመጣዋለሁ። እዚያ ከደረስኩ በር ምን አላት።"

"እኛ የምንጠቀመው እዚህ ታች ነው፣ ልጄ።"

ዘርጋው ሳቀና ትከሻቸውን ስሞ ሄደ። በማግስቱ የምክር ቤት አባልነቱን ለቀቀ። በሩን የሚከታተል ሰውም አብሮ ቀረ።

ቅስቀሳው ተጀመረ። ዘርጋው በአንድ ሳምንት ውስጥ ሌላ ሰው ሆነ። ገበርዲን አሰፋ። አረማመዱ ቀስ አለ፤ ሰው ሰላም ሲለው ቶሎ አይመልስም፣ መጀመሪያ ራሱን ይነቀንቃል። ድሮ "ና ግባ፣ ጠጋ በል" ይል የነበረው ልጅ አሁን "ከተደራሽነት አንጻር" ማለት ጀመረ። ጋሽ ይመር አንጻር የተባለው ነገር የት ሰፈር እንደሆነ ሰው ሲጠይቁ ከረሙ።

ግን አንድ ያልቀየረው ነገር ነበር፤ ማሟያዎቹ። እንዲያውም አበዛቸው። በምርጫ ክልሉ ውስጥ ካለ ከተማ ወደ ከተማ በሚኒባስ እየጫነ ይወስዳቸዋል። ቀድመው ሜዳው ላይ ይሰለፋሉ፣ ሞንታርቦው ይከፈታል፣ የአገሩ ሰው ምን መጣ ብሎ ይሰበሰባል። ቲሸርት ይታደላል። እትዬ አስካለ እልልታ ሲለቁ ከሦስተኛ ሰፈር ይሰማል። የባለ ገበርዲኑ ካሜራ ይህን ሁሉ ያነሣና ወደ ላይ ይልካል፤ ከላይም ግሩም ነው፣ ቀጥሉ ይባላል።

ተፎካካሪዎቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛው የሲሚንቶና የብረት ነጋዴ ነው፤ የራሱ ሞንታርቦ፣ የራሱ ቲሸርት አለው። ሁለተኛዋ አንዲት የከብት ሐኪም ናት። እሷ ሞንታርቦ የሚከራይላት አልነበረም። በሞተር ሳይክል በየበረቱ እየዞረች፣ ላም ስትመረምር የላሟን ባለቤት ታነጋግራለች። ስብሰባ ጠርታ የመጡት ሰዎች አንድ ዋርካ ሥር በቅጡ አልሞሉም ነበር። ዘርጋው ይህን ሲሰማ ከልቡ አዘነላት። ምርጫው ካለፈ በኋላ አንድ ሥራ ቢፈለግላት ጥሩ ነው ብሎ ለባለ ገበርዲኑ ነገረው።

በአንዱ የገበያ ቀን የዘርጋውና የነጋዴው ቅስቀሳ አንድ ሜዳ ላይ ተገጣጠመ። ጠዋት የነጋዴው፣ ከሰዓት የዘርጋው። ዘርጋው ቀደም ብሎ ደርሶ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ሲያይ የነጋዴው ሜዳ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከዚያ እልልታ ሰማ። እልልታውን ያውቀዋል።

ከመኪናው ወርዶ ከሜዳው ጀርባ ወዳለው ግንብ ሲሄድ እትዬ አስካለን አገኛቸው። የነጋዴውን ቢጫ ቲሸርት አውልቀው የዘርጋውን ሰማያዊ ከቀሚሳቸው በላይ እያጠለቁ ነበር። ጋሽ ይመር ከጎናቸው ቆመው ኮፍያ ይቀይራሉ። ሌሎቹም እዚያው ግንብ ሥር ተደርድረው ይለዋወጣሉ።

ዘርጋው ምን እየሆነ ነው ብሎ ተቆጣ። እትዬ አስካለ አልደነገጡም። ሰውየው ምሳ ያበላል፣ አንተ ሻይ ነው የምትሰጠው፣ ሁለታችሁንም ሳናስቀይም እንሥራ ብለን ነው አሉት። ጋሽ ይመርም ቲሸርቱን በሁለቱም በኩል መልበስ ቢቻል ኖሮ ይህ ሁሉ ድካም እንደሚቀር በትሕትና አሳሰቡ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ግንብ ሥር ነገሩን ይረዳው ነበር። ዘርጋው ግን ከሰዓት መድረክ ላይ ሲወጣ ሜዳው ሰማያዊ ሆኖ ጠበቀው። እስከ ገበያው ጥግ ድረስ ሰው ነው። ጭብጨባው ደረቱ ላይ ሲያርፍ ንግግሩን አቋርጦ ዓይኑን ጠረገ። ያ እንባ የውሸት አልነበረም። ከመድረክ ሲወርድም እትዬ አስካለን ጠየቃቸው።

"አዩልኝ ሕዝቡን?"

"አየሁት። ግማሹን እኔ ነኝ የጠራሁት።"

"ግማሹስ?"

"ግማሹን የጠራው ነጋዴው ነው፤ ከጠዋት ተርፎ ነው" አሉና ቲሸርቱን ሊመልሱ ሄዱ።

ዘርጋው ቀልድ መሰለው።

የምርጫው ቀን ደረሰ። ዘርጋው አንድ ስጋት ብቻ ነበረበት። ሰው ባዶ የምርጫ ጣቢያ አይቶ እንዳይመለስ። የአገሩን ሰው አመል ያውቀዋል፤ ባዶ ነገር ውስጥ ቀድሞ አይገባም። ስለዚህ ማሟያዎቹን በየጣቢያው አከፋፈላቸውና ጠንካራ ትእዛዝ ሰጣቸው። ከጠዋት ጀምራችሁ ተሰለፉ። ሰልፉ እስከ ማታ እንዳይሳሳ። ተራ ሊደርሳችሁ ሲል ውጡና ከኋላ እንደገና ሰልፍ ያዙ። የራሳችሁን ድምፅ ማታ ትሰጡታላችሁ፣ ቅድሚያ ለሕዝቡ።

ማሟያዎቹ በሥራቸው አይታሙም። ጎህ ሲቀድ ተሰለፉ። ሰልፉ የሰፈራቸው ጣቢያ ካለበት ትምህርት ቤት በር እስከ ዋናው መንገድ ተዘረጋ። እትዬ አስካለ የአስመራጩ ጠረጴዛ አጠገብ ሲደርሱ ድስታቸው ትዝ አላቸውና ወጡ፤ ዞረው ከኋላ ቆሙ። ጋሽ ይመር ሳል ጀመራቸው፤ ወጡና ከእትዬ አስካለ ኋላ ቆሙ። ከእነሱ ጋር የመጡትም እንዲሁ። ሰልፉ ከፊት ያልቃል፣ ከኋላ ይረዝማል፤ እንደ ወፍጮ ድንጋይ እዚያው ይዞራል።

የዘርጋው ስህተት ይቺ ነበረች። የአገሩን ሰው አመል ግማሹን ብቻ ነው ያጠናው። ሰው ሞልቶ ያየው መኪና ውስጥ እየተጋፋ ይገባል፤ ረዥም ወረፋ ሲያይ ግን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ጠዋት የመጣ ሁሉ ሰልፉን አየና "ኋላ ቀለል ሲል እመለሳለሁ" ብሎ ሄደ። ከሰዓት ተመልሶ መጣ፤ ሰልፉ እንደ ቆመ ነው። ዘርጋውን ከልባቸው የሚወዱት ደግሞ፣ ያን ቦይ ያስከፈተላቸው ሰዎች፣ ሰልፉን አይተው ደስ አላቸው። ይህ ሁሉ ሰው ለእኛ ልጅ ወጥቶ የእኔ አንድ ድምፅ ምን ትጨምራለች ብለው ገበያቸውን ሊገበዩ ሄዱ። የነጋዴው ደጋፊዎችም ያንኑ ሰልፍ አይተው ተስፋ ቆርጠው ቀሩ፤ ስለዚህ ለነጋዴውም አልሆነለት።

የከብት ሐኪሟ ስትዞርባቸው በነበሩት የበረት ሠፈሮች ባሉት ጣቢያዎች ግን ማንም ማሟያ አልነበረም። ዘርጋው እነዚያን ሩቅ ናቸው ብሎ ትቷቸዋል። እዚያ ወረፋ የለም። ሰው ከብቱን እየነዳ ሲያልፍ ገባ ይልና ድምፁን ሰጥቶ ይወጣል፤ ጎረቤቱንም አሁን ባዶ ነው፣ ቶሎ ድረስ ይለዋል።

ዘርጋው ራሱ ከሰዓት በኋላ ጥቁር መነጽር አድርጎ በሰፈሩ ወደሚገኘው ጣቢያ መጣ። ከመኪናው ሲወርድ ሰልፉ ከመንገዱ ጀምሮ ተቀበለው። ልቡ ሞቀ። እነማን እንደተሰለፉ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ሆኖም በዚያች ደቂቃ ፊቶቹን አላየም፣ ርዝመቱን ብቻ ነው ያየው። የጣቢያው አስተባባሪ ዕጩ ስለሆነ ቀድሞ እንዲገባ ጋበዘው። ዘርጋው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሕዝቤን አልቀድምም፣ ሰልፉ ቀለል ሲል እመለሳለሁ አለና ወደ መኪናው ተመለሰ። ሰልፉ ቀለል አላለም። ዘርጋውም አልተመለሰም።

ማምሻውን እትዬ አስካለና ጓደኞቻቸው ቀኑን ሙሉ ከመቆም እግራቸው አብጦ ነበር። እያንዳንዱ ሌሎቹ ይመርጡ የለ ብሎ አሰበ። እንደ ልማዳቸው አንዱ በስልክ፣ አንዱ በሳል እያሳበበ ሳያስታውቅ ተበተነ። ጣቢያው ሲዘጋ በሩ ላይ ማንም አልነበረም።

ውጤቱ ሲለጠፍ የከብት ሐኪሟ አሸነፈች። በብዙ አይደለም፤ ግን አሸነፈች። ባለ ገበርዲኑ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበና ካሜራውን ይዞ መኪናው ውስጥ ገባ። ዘርጋው ሲደውልለት ስልኩ አይነሣም። የነጋዴው ሞንታርቦም ለሠርግ ተከራይቶ ሄደ።

ዘርጋው ለጥቂት ቀን ቤቱ ተኛ። ከዚያ ገበርዲኑን ትቶ፣ በድሮ ጃኬቱ ወደ መናኸሪያ ወጣ። ሹፌሮቹ ዓይኑን ላለማየት ጎማ መርገጥ ጀመሩ። እትዬ አስካለ በተለመደው ቦታቸው ተቀምጠዋል። ዘርጋው አጠገባቸው ካለው በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

"እትዬ፣ እርስዎ እንኳ አልመረጡኝም?"

"ልመርጥህ ነበር። ሊደርሰኝ ሲል ወጣሁ፣ ሊደርሰኝ ሲል ወጣሁ። ውጡ ያልከኝ አንተ ነህ።"

"ማታ ትሰጣላችሁ ብዬ ነበር እኮ።"

"ማታማ እግሬ አበጠ። ደግሞ ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል የእኔ መቅረት ይታወቃል ብዬ አላሰብኩም።" ድንች በዳጣ ነክረው ሰጡትና ዓይን ዓይኑን አዩት። "አንተስ መረጥክ?"

ዘርጋው ድንቹን ይዞ ቀረ። ዳጣው ወደ እጅጌው ፈሰሰ። መጀመሪያ ፊቱ ቀላ፤ ከዚያ ሆዱ ተንቀጠቀጠና ሳቅ አመለጠው። እትዬ አስካለም ሳቁ። ጎማ ሲረግጡ የነበሩት ሹፌሮች የተሳቀው ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረው ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ዘርጋው አንገቱን ደፍቶ ቀስ ብሎ ተናገረ።

"መናኸሪያው ውስጥ ስንት ዓመት ስጮኽ አንድም ቀን በራሴ ጥሪ ተሳፍሬ አላውቅም ነበር፤ ዘንድሮ ግን ተሳፈርኩ።"

"አሁን ወርደሃል" አሉት እትዬ አስካለ። "ብላ።"

በሳምንቱ ቀበሌው የነዋሪዎች ስብሰባ ጠራ። በዘርጋው ቦታ የገባው አዲሱ የምክር ቤት አባል አዳራሹን ከፍቶ ቢጠብቅ አንድም ሰው የለም። ሊቀ መንበሩ ጉንጫቸውን በእጃቸው ደግፈዋል። ውጭ ሰው ቆሟል፤ ሰማዩን ያያል። ዘርጋው መጣ። ማንንም ከመናኸሪያ አልጠራም። ብቻውን ገብቶ ከባዶዎቹ ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀመጠ። እንደ ማንኛውም ነዋሪ ባዶ ቦታ ቀድሞ ሲገባ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው፤ ወንበሩ ሲያቃስት ድምፁ አዳራሹን ዞረው።

አዲሱ አባል አየውና ሰው ስላልመጣ ስብሰባው ወደ ሌላ ሳምንት ተላልፏል አለ።

"አንድ ሰው መጥቷል" አለ ዘርጋው። "ስለ ሴቶቹ መጸዳጃ ቤት በር ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ጀምሩ።"

አዲሱ አባል ሊቀ መንበሩን አየ። ሊቀ መንበሩ ሰዓታቸውን አዩ። ዘርጋው አልተነሣም። መቼም አንድ ሰው እያያቸው ዝም ብሎ መቀመጥ ከበዳቸውና አጀንዳውን ከፈቱ።

በመስኮት በኩል ይህን ያዩ ሁለት ሴቶች እርስ በርስ ተጠቃቀሱ። አንደኛዋ ነጠላዋን ሰብስባ ገባች።

ወዳጆቼ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። ባዶን ነገር የሞላ ማስመሰል ይቻላል፤ ብዙ ሰው ይሠራዋል፣ ለጥቂት ጊዜም ይሠራል። ጉዳቱ የሚጀምረው አስመሳዩ ራሱ ሲያምነው ነው። ያን ጊዜ የሚወዱት ሰዎች አያስፈልጉም ብለው ይቀራሉ፣ የቀጠራቸው ሰዎች ሌላው ይሠራዋል ብለው ይሄዳሉ፣ እሱም በራሱ ጉዳይ ላይ ሳይገኝ ይቀራል። ትንሿ ወንበር ላይ ሆኖ ድንጋይ ያስመጣ ሰው ትልቋን ሲያይ ድንጋዩን ትቶ ጭብጨባውን ብቻ ይዞ ከወጣ የሚደርሰው እዚሁ ነው። ጭብጨባ ድምፅ አይሰጥም። ድምፅ የሚሰጠው መጥቶ፣ ተራውን ጠብቆ፣ ሲደርሰው የማይወጣ ሰው ነው። ደግሞም ሌላው ይግባ ብለን ሁላችንም ውጭ ከቆምን የመጸዳጃ ቤት በር እንኳ አይገጠምልንም።

እስቲ አንተም አንቺም ራሳችሁን ጠይቁ። ዛሬ የተሰለፋችሁበት ሰልፍ ውስጥ ያላችሁት ተራ እንዲደርሳችሁ ፈልጋችሁ ነው ወይስ ሰልፉ ረዥም እንዲመስል?